«ቆሟል» ሲባል ምን ማለት ነው?
የሊነክስ አገልግሎት ማስጀመሪያን በሚመለከቱ የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሰቆጣ ከተማ በተካሄደ አንድ አጭር ሥልጠና ላይ በታዛቢነት የመገኘት ዕድል አጋጥሞን ነበር። ሠልጣኞቹ ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከአበርገሌና ከሌሎች የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የመጡ፣ በየመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒዩተር የመጠበቅ ኀላፊነት የተሰጣቸው ሠራተኞች ነበሩ። ርእሱም በሊነክስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ማሽኑ ሲነሣ አብረው ሥራ የሚጀምሩት አገልግሎቶች እንዴት እንደሚጀምሩ፣ አልጀምር ባሉ ጊዜም እንከኑ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ ነው። ለሠልጣኞቹ የታደለው መማሪያ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ተዘጋጅቷል። ጽሑፉ ለኅትመት ያልበቃ የውስጥ መማሪያ ስለሆነ የአዘጋጆቹንም ሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠቅስም። ሂሳችን የሚያተኩረው በስያሜዎቹ ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ አይደለምና።

እንዲያውም አዘጋጆቹ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለሙያ ስያሜ አወጣጥ ሰፊ መሠረት የጣለ ቢሆንም፣ እዚህ የምንነጋገርባቸው አብዛኞቹ ጽንሰ ሐሳቦች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። አዘጋጆቹ ያለ መሪ መዝገብ የደፈሩትን ሥራ ደፍረዋል። የምርመራውንም ቅደም ተከተል በትክክል አስቀምጠዋል፤ ይኸውም አስቀድሞ የአገልግሎቱን ሁኔታ መጠየቅ፣ ቀጥሎ የተመዘገበውን መልእክት ማንበብ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙን በእጅ አስጀምሮ መሞከር ነው። ዐረፍተ ነገሮቻቸውም አጫጭርና ግልጽ ናቸው። ጉድለቱ ያለው በግሦቹ ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ እንደሌሎች የትርጉም ጉድለቶች በንባብ ጊዜ ጆሮን ከመቈርቈር አልፎ ሠራተኛውን ወደ ተሳሳተ ውሳኔ የሚመራ ሆኖ ስላገኘነው ለዚህ ዝግጅት አንባቢዎች ማቅረቡን አስፈላጊ ነው ብለን አምነናል።

2. ነገሩ በአጭሩ

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ሙያው የማያውቀው አንባቢ እንዲከተለን ጥቂት ማብራሪያ እንስጥ። በማንኛውም ኮምፒዩተር ውስጥ መስኮት የማይከፍቱ፣ ተጠቃሚው ሳያዛቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። አታሚውን የሚያስተናግደው፣ ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ ፋይሎችን ለቢሮው ሁሉ የሚያጋራው ከእነዚህ መካከል ናቸው። በቀድሞው ልማድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የማስጀመሪያ ስክሪፕት ነበራቸው፤ በስሙ መጀመሪያ ላይ የሚጻፍ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥርም የትኛው ቀድሞ እንዲጀምር ይወስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሲስተምዲ» የተባለው አስተዳዳሪ ፕሮግራም ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዴቢያንና ኡቡንቱ የተባሉት የሊነክስ ስርጭቶች ዋና አድርገው ተቀበሉት። ዛሬ ስክሪፕቱ ብዙውን ጊዜ በአጭር የመግለጫ ፋይል ተተክቷል፤ የቀድሞዎቹ ስክሪፕቶችም ቢሆኑ በየቢሮው ባሉ አሮጌ ማሽኖች ላይ ይገኛሉ።

አስተዳዳሪው ስለ አንድ አገልግሎት ሲጠየቅ ከሚሰጣቸው መልሶች ውስጥ ለመርማሪው ዋና የሆኑት አራት ናቸው። አንደኛ፣ አገልግሎቱ እየሠራ ነው። ሁለተኛ፣ አይሠራም፤ ነገር ግን ምንም ስሕተት አልተፈጠረም። ሦስተኛ፣ ለመጀመር ሞክሮ ወይም በመሥራት ላይ ሳለ በስሕተት ወጥቷል። አራተኛ፣ በዚህ ስም የሚታወቅ አገልግሎት ከነጭራሹ የለም። ከእነዚህ ጋር የማይገናኝ ሌላ ጥያቄም አለ፤ ይኸውም አገልግሎቱ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲጀምር ታዟል ወይስ አልታዘዘም የሚለው ነው። እንከን ፍለጋ ማለት እነዚህን መለየት ማለት ነው። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ስማቸውም መለያየት አለበት።

3. ሁለት ፊት ያላቸው ግሦች

መማሪያው ሥራ ላይ ያልሆነውን አገልግሎት «ቆሟል» ይለዋል። ቃሉ ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። «ዝናቡ ቆመ»፣ «መኪናው ቆመ» ስንል መቋረጥን እንገልጻለን። «ቤቱ ቆመ»፣ «ማኅበሩ ቆመ»፣ «ገበያው ቆሟል» ስንል ግን ፍጹም ተቃራኒውን፣ መመሥረትንና በሥራ ላይ መዋልን እንናገራለን። ገበያ ቆመ ማለት ሻጭና ገዢ ተገናኘ ማለት እንጂ ገበያው ተበተነ ማለት አይደለም። እንግዲህ «የፋይል ማጋሪያው አገልግሎት ቆሟል» የሚለውን ያነበበ ሰው የትኛውን ይያዝ?

«ተነሣ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መማሪያው የጀመረውን አገልግሎት «ተነሥቷል» ይለዋል። «ከእንቅልፉ ተነሣ»፣ «መኪናው ተነሣ» የሚለውን አገባብ በአእምሮ ይዘው እንደሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም «እገዳው ተነሣ»፣ «ሹሙ ተነሣ»፣ «ገበታው ተነሣ» ስንል መወገድን መናገራችን ነው። በተግባር ልምምዱ ላይ አንድ ወጣት ሠልጣኝ አጠገቡ ለተቀመጡት አንጋፋ ባልደረባው «ጋሼ፣ አገልግሎቱ ተነሥቷል» ሲላቸው፣ እሳቸው ደንገጥ ብለው «ማን አነሣው ደግሞ?» ሲሉ ሰምተናል። በክፍሉ ሳቅ ሆነ። ሰውዬው ግን አልተሳሳቱም፤ ዐረፍተ ነገሩን አማርኛ እንደሚፈቅደው ነው የተረዱት።

ሦስተኛው «ጠፍቷል» ነው። መማሪያው ሥራ ላይ ያልሆነውን በአንድ ገጽ «ቆሟል»፣ በሌላው ገጽ «ጠፍቷል» ይለዋል፤ አስተዳዳሪው ፈልጎ ያላገኘውንም እንዲሁ «ጠፍቷል» ይለዋል። መብራት ሲጠፋ መልሶ ይበራል፤ በሬ ሲጠፋ ግን ይፈለጋል። አንደኛው አገልግሎት በአንድ ትእዛዝ የሚጀምር ነው፤ ሁለተኛው ምናልባት ስሙ በስሕተት ተጽፏል፣ ወይም ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አልተጫነም። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት መርማሪውን መንታ መንገድ ላይ አቁሞ መሄድ ይሆናል።

በዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይታከልበታል። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም። መማሪያው አንድ አገልግሎት በኔትወርክ በኩል የሚመጣን ጥያቄ ሲጠባበቅ «ይሰማል» ብሏል። ላልቶ ሲነበብ አገልግሎቱ ራሱ ሰሚ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሌሎች የሚሰሙት ነው። በኔትወርክ ላይ ማን ጠያቂ፣ ማን ተጠያቂ እንደሆነ ለማወቅ በሚደረግ ምርመራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ያዳምጣል» ቢባል ጥርጥሩ ይወገድ ነበር።

ምናልባት አንባቢ «አማርኛ ተናጋሪ እኮ እነዚህን ቃላት ዕለት ተዕለት ሳይቸገር ይጠቀምባቸዋል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ምክንያቱም ዐውዱ ስለሚያግዘው ነው። «ዝቋላ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የአዲስ አበባ ሰው ሲሰማው በመጀመሪያ የሚታወሰው በሸዋ ያለው የአቦ ገዳም ተራራ ነው፤ በሰቆጣ ገበያ ሲነገር ግን ማንም የሚያስበው ጽጽቃን ማእከል ያደረገውን የዋግ ወረዳ ነው። ቦታውና ተናጋሪው ፍችውን ይወስናሉ። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚወጣ የሁኔታ መግለጫ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም የሚያግዘው ዐረፍተ ነገር የለም። እንዲያውም ከጽጽቃ ወደ ሰቆጣ በስልክ ተደውሎ «ቆሟል ይላል» ተብሎ ሲነገር፣ ሰሚው ገጹን እንኳ አያይም። ስለዚህ ለሙያ ስያሜ የሚመረጥ ቃል ዐውዱ ቢቀነስበትም ፍችውን ይዞ የሚቀር መሆን አለበት። ይህ የስያሜ አወጣጥ የቆየ መርህ ነው፤ በእንከን ፍለጋ ግን ከመርህነት አልፎ ግዴታ ይሆናል።

4. ማንቃት፣ መጫን፣ ውጤት

መማሪያው አገልግሎትን አሁን ማስጀመርንም፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲጀምር ማዘዝንም በአንድነት «ማንቃት» ብሎታል። በእንግሊዝኛው ሁለቱ «ስታርት» እና «ኢኔብል» ተብለው የተለዩ ትእዛዞች ናቸው። የመጀመሪያው ውጤቱ እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ ነው። ሁለተኛው አገልግሎቱን ዛሬ አያስጀምረውም፤ ስሙን ማሽኑ ሲነሣ ከሚጀምሩት ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል እንጂ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል፤ የአንድ ሠራተኛ ስም በመዝገብ ላይ መኖርና ሠራተኛው በሥራ ገበታው ላይ መገኘት አንድ አይደሉምና።

መብራት ቶሎ ቶሎ በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ጉዳይ ክብደት አለው። ማሽኑን በእጅ «ያነቃ» ሰው አገልግሎቱ ሲሠራ አይቶ ተደስቶ ይሄዳል፤ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ይነሣል፣ አገልግሎቱ ግን አይጀምርም። ጧት የሚመጣው ሠራተኛ መማሪያውን ገልጦ «አገልግሎቱን ማንቃትዎን ያረጋግጡ» የሚለውን ሲያነብ፣ ትናንት ማንቃቱን ስለሚያስታውስ ያንን አልፎ ወደማይመለከተው ነገር ይሄዳል። እንከኑ የነበረው ግን ባለፈው መስመር ላይ ነው። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው «ማስጀመር»፣ ሁለተኛው «መመዝገብ» ቢባል ነገሩ ይጠራል። «መመዝገብ» የአሠራሩንም እውነት ይገልጻል፤ ትእዛዙ የሚያደርገው በማስነሻው ዝርዝር ውስጥ ወደ አገልግሎቱ የሚያመለክት ማገናኛ ማኖር ነውና።

ከሁሉ የከፋው ግን «እንደገና መጫን» ነው። «ሪሎድ» የተባለው ትእዛዝ አገልግሎቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ቅንብሩን ዳግመኛ እንዲያነብ ይነግረዋል። ተርጓሚው «ሎድ» የሚለውን በጭነት ወስዶ «እንደገና መጫን» አለው። ነገር ግን «መጫን» በኮምፒዩተር አማርኛ ውስጥ ቦታውን ከያዘ ቈይቷል፤ ፕሮግራምን ወደ ማሽን ማስገባት ማለት ነው። ከሥልጠናው በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት የደረሰውን ሰምተናል። ሠራተኛው አንድ ቃል በቅንብሩ ውስጥ አርሞ ከጨረሰ በኋላ መማሪያው «አገልግሎቱን እንደገና ይጫኑ» ስላለው፣ ፕሮግራሙን ከነቅንብሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ያረመው ቃል ብቻ ሳይሆን ቀደም ሲል የተሠራው ቅንብር ሁሉ አብሮ ሄደ። ለዚህ ጥፋት ሠራተኛውን መውቀስ አይቻልም፤ የተጻፈለትን ነው የፈጸመው። «ቅንብሩን ዳግም ማንበብ» የሚለው ሐረግ ረዘም ያለ ቢሆንም ትክክለኛ ነው። አጭር የሆነ ስሕተት ከረጅም እውነት አይሻልም።

አንድ ፕሮግራም ሲወጣ የሚተወው ቁጥርም በመማሪያው «ውጤት» ተብሏል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ 0 ከሆነ በሰላም ወጥቷል፣ ከ0 የተለየ ከሆነ እንከን አለ። ለምሳሌ 126 ፋይሉ ቢገኝም ሊሠራ የማይችል መሆኑን፣ 127 ትእዛዙ አለመገኘቱን ያመለክታል። ሲስተምዲ ራሱ ፕሮግራሙን ሊያስጀምረው ሲያቅተው 203 የሚል ቁጥር ይሰጣል። ታዲያ በአማርኛ «ውጤት» ሲባል ተማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያስበው ፈተናን ነው። «ውጤት፦ 0» የሚለውን ያነበቡ ሠልጣኞች አንገታቸውን ደፉ፤ «ውጤት፦ 127» የወጣላቸው ደግሞ የተሻለ የሠሩ መሰላቸው። «የመውጫ ቁጥር» ማለት ይህን ያስቀራል፤ ቁጥሩም መጠን ሳይሆን ምልክት መሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊገለጽ ይገባ ነበር።

የተደራጊ ግሥ የሚደብቀው ነገርም አለ። መማሪያው ከአስተዳዳሪው መልእክቶች አንዱን «የማስጀመር ጥያቄ በጣም በፍጥነት ተደጋግሟል» ብሎ ተርጕሟል። ቃል በቃል ስሕተት የለበትም። ሆኖም ጠያቂው ማን እንደሆነ ስለማይናገር ሠልጣኞቹ ተግሣጹ ለእነሱ መስሏቸው «ቀስ ብለን እንጻፍ» ተባባሉ። እውነታው ሌላ ነው። አገልግሎቱ ሲጀምር ወዲያው እየወጣ፣ አስተዳዳሪው ደግሞ መልሶ እያስጀመረው ሙከራው ከወሰኑ አልፏል። ልዩ ቅንብር ካልተሰጠ ወሰኑ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ነው። በአማርኛ አድራጊውን መግለጽ የቋንቋችን ልማድ ስለሆነ፣ «አገልግሎቱ ደጋግሞ ስለወጣ አስተዳዳሪው ማስጀመሩን ትቷል» ቢባል አንባቢው ወዲያው እንከኑ ያለበትን ቦታ ያውቅ ነበር።

5. ስለ «ጋኔን» እና ስለ «ግንድ»

መስኮት የሌላቸው ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ «ዴመን» ይባላሉ። መማሪያው ይህን «ጋኔን» ብሎታል። ምርጫው ከስንፍና የመጣ አይደለም። የቃሉ ምንጭ የግሪክኛው «ዳይሞን» ነው፤ የግእዝ ወንጌልም አጋንንትን የሚጠራው በዚሁ ቃል አንጻር ነው። ስለዚህ ተርጓሚው በሥርወ ቃል በኩል መከራከሪያ አለው።

ነገር ግን ሥርወ ቃል ፍችን አይወስንም። ስያሜው በኮምፒዩተር ዓለም የገባው እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በነበሩ ባለሙያዎች ነው፤ እነሱም ቃሉን የወሰዱት ከፊዚክስ ነው። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 አንዲት ትንሽ በር ላይ ቆሞ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ሞለኪውል እየለየ የሚያሳልፍ ፍጡር በሐሳቡ ፈጥሮ ነበር። ይህ ፍጡር ሳይታክት የሚሠራ እንጂ ክፉ አይደለም። የጥንቱም የግሪኮች ዳይሞን ከእኛ ጋኔን ይልቅ ለቆሌና ለውቃቢ የሚቀርብ ነው። በአማርኛ ግን ጋኔን ክፉ ብቻ ነው፤ የሚያገለግል ጋኔን የለም፣ የሚወጣ ጋኔን እንጂ። «ጋኔኑን አስጀምር»፣ ይባስ ብሎም «ጋኔኖችን እንደገና ጫን» የሚሉ ትእዛዞች የተጻፉበትን ወረቀት በሰቆጣ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ለሠልጣኞቹ ምቹ አልነበረም። አንዳንዶቹ ቃሉን ላለመጥራት «ያ ነገር» ሲሉ ነበር። ሠራተኛው የሚያፍርበት ወይም የሚሸሸው ስያሜ ምንም ያህል በሥርወ ቃል ቢደገፍ አይዘልቅም።

ታዲያ ምን ይባል? በልዩ ልዩ ሰዎች የቀረቡ አማራጮችን ተመልክተናል። «ሰርቪስ» እንዳይባል በከተማ አማርኛ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስም፣ ከዋናው ቤት ኋላ የሚሠራ ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ «ሰርቪሱ ቆሟል» ቢባል ሰው ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። «ተረኛ» ለጥበቃና ለሐኪም የሚያገለግል መልካም ቃል ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ፖለቲካ ስለተጫነው ለማሽን ማዋሉ አይመከርም። «ተጠባባቂ» ሹመትን ያስታውሳል። «የጀርባ አገልግሎት» የእንግሊዝኛው ጥላ ነው፤ በአማርኛ «ከጀርባ» ያለ ነገር ሤራ ይሸታል። ስለዚህ እኛ የምንደግፈው ሁለት ቃል መያዝን ነው። ለተጠቃሚው የሚሰጠው ነገር «አገልግሎት» ይባል፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ፕሮግራም ራሱ መለየት ባለበት ቦታ በትውስት «ዴመን» ይባል። ትውስት ቃል ነውር የለበትም። በአማርኛ ምንም ሌላ ፍች የሌለው ትውስት፣ ብዙ ፍች ካለው አገርኛ ቃል የሚመረጥበት ጊዜ አለ።

ስለ «ግንድ» ብዙ አንልም። አገልግሎቱ የሠራውንና የደረሰበትን የሚጽፍበት «ሎግ» በመማሪያው «ግንድ» ተብሏል። ቃሉ በመርከበኞች ዘንድ ፍጥነት ለመለካት ወደ ባሕር ከሚጣለው እንጨት ተነሥቶ ወደ መርከብ መዝገብ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር የተሻገረ ስለሆነ ተርጓሚው የቃሉን የልጅነት ፍች ይዟል። እኛ ግን ባሕረኛ ልማድ የለንም። «የፍርድ ቤት ውሎ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋልና «የውሎ መዝገብ» ቢባል ዋለበትን የሚናገር መዝገብ መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይገባል።

6. መከተልና መፈለግ

በመግለጫ ፋይሉ ውስጥ አንድ አገልግሎት ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት በሁለት ዓይነት ቃላት ይጻፋል። አንደኛው ቅደም ተከተልን ብቻ ይናገራል፤ «ከእገሌ በኋላ ጀምር» ማለት ነው። ሁለተኛው አስፈላጊነትን ይናገራል፤ «እገሌ ከሌለ እኔም የለሁም» ማለት ነው። ሁለቱ ነጻ ናቸው። ቅደም ተከተል የታዘዘለት አገልግሎት ቀዳሚው ባይኖርም ይጀምራል። አስፈላጊነት ብቻ የታዘዘለት ደግሞ ቀዳሚውን አይጠብቅም፤ ሁለቱ እኩል ይጀምራሉ። መማሪያው ሁለቱንም «ጥገኝነት» ይላቸዋል።

በዚህ ምክንያት የሚደርሰው እንከን በጣም የተለመደ ነው። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ አገልግሎቱ ይሰናከላል፤ ሠራተኛው መጥቶ በእጅ ሲያስጀምረው ግን ያለ ችግር ይሠራል። ምክንያቱ ማሽኑ ሲነሣ ኔትወርኩ ገና ሳይደርስ አገልግሎቱ መጀመሩ ነው። በእጅ ሲሞከር ኔትወርኩ አስቀድሞ ደርሷል። እዚህ ላይም ሲስተምዲ ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ የኔትወርክ አስተዳዳሪው ሥራ መጀመሩና ግንኙነቱ በእርግጥ መቆራኘቱ። የመጀመሪያውን «ኔትወርክ ተዘጋጅቷል»፣ ሁለተኛውን «ኔትወርክ ተገናኝቷል» ብንለው ልዩነቱ ይታያል። ስለ ግንኙነቶቹም «ቅደም ተከተል» እና «ጥገኝነት» የሚሉት ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ጥንትም ያሉ ናቸው። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ያሉትን ሁለት ቃላት ለሁለት ነገር ማካፈል ነው።

7. ለማሽኑ የሚጻፈውና ለሰው የሚጻፈው

መማሪያው ሠልጣኞች በስክሪፕታቸው ውስጥ በአማርኛ ማስታወሻ እንዲጽፉ ያበረታታል። ምክሩ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከተካተተ ወዲህ ይህን የሚከለክል ነገር የለም። ሆኖም መማሪያው አንድ ጥንቃቄ ሳይናገር አልፏል፤ በልምምዱም ላይ ረጅም ጊዜ የወሰደው እንከን ከዚሁ የመጣ ነው።

አንድ ሠልጣኝ ስክሪፕቱን በዊንዶውስ ማሽን ላይ ከፍቶ በአማርኛ ማስታወሻ ጻፈበትና መለሰው። በእጅ ሲያስኬደው፣ በመጀመሪያ አንድ የቅሬታ መስመር ቢወጣም፣ ሥራውን ፈጸመ። በአስተዳዳሪው በኩል ሲጀመር ግን በ203 ቁጥር ወጣ። ፋይሉ ሲታይ ከቀድሞው ጋር አንድ ነው። ምክንያቱ በዐይን የሚታይ አልነበረም። አንዳንድ የጽሑፍ ማዘጋጃዎች ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ሲያስቀምጡ ከሁሉም ፊት ሦስት ባይት የሆነ ስውር ምልክት ያኖራሉ። የሊነክስ ማእከል ግን አንድ ፋይል ስክሪፕት መሆኑን የሚያውቀው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ነው፤ እነሱም «ሐሽ» የሚባለው ምልክትና ትእምርተ አንክሮ መሆን አለባቸው። ስውሩ ምልክት ሲቀድማቸው ማእከሉ ፋይሉን አላውቀውም ይላል። በእጅ ሲሆን ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም ራሱ በትዕግሥት አንብቦ ያስኬደዋል፤ ሲስተምዲ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

ከዚህ የምንማረው አማርኛ ለስክሪፕት አይሆንም የሚል አይደለም። የምንማረው ድንበሩን ማወቅ ነው። ማሽኑ የሚያነበው ትእዛዝ፣ የፋይል ስምና የመጀመሪያው መስመር እንዳለ ይቆያል፤ ሰው የሚያነበው ማስታወሻ፣ ማብራሪያና መልእክት ሁሉ ወደ አማርኛ ይመለሳል። መማሪያው ይህን ድንበር በሌላ አቅጣጫም ጥሶታል። በሁለት ቦታ ላይ ትእዛዙን ራሱን በአማርኛ ተርጕሞ በመጻፉ ሠልጣኞቹ እንደተጻፈው መትተው መልስ አጥተዋል። ተርጓሚ መተው ያለበትን ማወቁ ሊተረጕም የሚገባውን ከማወቁ አያንስም።

8. ማጠቃለያ

ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው። ኽምጣኛ የአገው ቋንቋዎች አባል፣ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ ዴቪድ አፕልያርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት የገለጹት ቋንቋ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሠልጣኞቹ የተማሩትን እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ ሲያስረዱ አስተውለናል። አንድ የአማርኛ ስያሜ ሁለት ፍች ይዞ ሲመጣ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚያሻግረው ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የመረጠው የተሳሳተው እንደሆነ ስሕተቱ ከአማርኛው ወጥቶ በኽምጣኛው ይጸናል። አማርኛ በአገራችን ለብዙ ቋንቋዎች የሙያ ቃላት መተላለፊያ ሆኖ ሲያገለግል ጥራቱ የራሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለመማሪያው ቀጣይ ዝግጅት የሚከተሉትን እናቀርባለን። «መነሣት» ለማሽኑ ብቻ፣ «መጀመር» ለአገልግሎት ይሁን። የአገልግሎት ሁኔታ «በሥራ ላይ ነው»፣ «በሥራ ላይ አይደለም»፣ «ተሰናክሏል»፣ «አልተገኘም» ተብሎ ይለይ፤ «ቆሟል»፣ «ተነሥቷል»፣ «ጠፍቷል» የሚሉት ከሁኔታ መግለጫ ይውጡ። «ተሰናክሏል» የመረጥነው «ተበላሽቷል» ፕሮግራሙ ራሱ እንደተጎዳ ስለሚያስመስል ነው፤ የተሰናከለ ሰው ዕንቅፋቱ ሲነሣለት ይሄዳል። «ማንቃት» ለሁለት ይከፈል፤ «ማስጀመር» እና «መመዝገብ»። «ሪስታርት» የሚባለው «አቁሞ ማስጀመር»፣ «ሪሎድ» የሚባለው «ቅንብሩን ዳግም ማንበብ» ይባል፤ «መጫን» በያዘው ቦታ ይቆይ። «የመውጫ ቁጥር»፣ «የውሎ መዝገብ»፣ «ቅደም ተከተል» እና «ጥገኝነት» በየቦታቸው ይግቡ። «ጋኔን» በሰላም ይሰናበት።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ የተሻለ አማራጭ ሊገኝለት እንደሚችል አንጠራጠርም፤ በተለይ ስለ «የውሎ መዝገብ» የሥራ ባልደረቦቻችን አስተያየት ቢደርሰን ደስ ይለናል። አንድ መመዘኛ ግን እንዲጠበቅ እናሳስባለን። የትኛውም ስያሜ ከመጽደቁ በፊት አንድ ሰው ገጹን ለማያይ ሌላ ሰው በስልክ ያንብብለት፤ ሰሚውም ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይናገር። ከጽጽቃ የተነገረው በሰቆጣ እንደተባለው ከተሰማ ቃሉ ይለፍ። ካልተሰማ፣ ሌላ ቃል ይፈለግ።